ማነቆው የት ነው?

ነገሩ የጀመረው በድምፅ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዘይት ላስቀይር አዲስ አበባ፣ ሳሪስ አካባቢ ካለ ጋራዥ ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንድ ወጣት ኮሮላውን እየነዳ ገባ። ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ሞተሩ ያገሳል፤ ግቢ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ኮፈኑ ሲከፈት ምክንያቱ ታየ። ጥቁሩ የፕላስቲክ ሣጥን ከነወረቀት ፊልትሮው ወጥቷል፤ በምትኩ የሚያብለጨልጭ የብረት ቱቦ፣ ከጫፉም ቀይ ሾጣጣ ፊልትሮ ገብቷል። «አሁን በደንብ ይተነፍሳል፤ ጉልበቱ ሌላ ሆኗል» አለ ወጣቱ በኩራት። በዕድሜ የገፉት መካኒክ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ጥቂት አዳመጡና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፤ «ልጄ፣ ድሮስ ማን አንቆት ነበር?»

ወጣቱ ዝም አለ። እኔም መልሱን አላውቀውም ነበር። ዘይቱ ተቀይሮ፣ ሒሳብ ከፍዬ ከወጣሁ በኋላም ጥያቄያቸው ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ሞተር ሲታነቅ ማነቆው የቱ ጋ ነው? «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላልና እኔም ከሥሩ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያገኘሁት ወጣቱን የሚደግፍ ነበር። ሞተር በመሠረቱ አየር የሚስብ ፓምፕ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ባለ 1.6 ሊትር ሞተር በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንዴ ስለሚሞላ፣ በደቂቃ እስከ 4800 ሊትር አየር የመዋጥ አቅም አለው። ይህ ባለ 200 ሊትሩ በርሜል 24 ጊዜ ተሞልቶ እንደ መገልበጥ ነው፤ ያውም በአንድ ደቂቃ። ነዳጅ መጨመር ቀላል ነው፤ ፓምፕና መርጫው ይሠሩታል። የሚያስቸግረው አየሩን ማስገባት ነው። ስለዚህ «አየር ከጨመረ ጉልበት ይጨምራል» የሚለው አባባል ትክክል ነው።

ለዚህ ትልቁን ማስረጃ ያገኘሁት ከራሊ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በዓለም የራሊ ሻምፒዮና የሚወዳደሩ ባለ ቱርቦ መኪኖች አየር የሚስቡት ውስጣዊ ስፋቷ 34 ሚሊ ሜትር በሆነ ጠባብ ቀለበት በኩል ብቻ እንዲሆን ሕጉ ያስገድድ ነበር። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን የመኪኖቹን ጉልበት የሚገድበው ትንፋሻቸውን በመገደብ ነው። ቶዮታ በዚያ ዓመት የተሰለፈው በሴሊካ ጂቲ ፎር ሲሆን፣ ከሾፌሮቹ መካከል ቀደም ሲል የዓለም ሻምፒዮን የነበሩት ፊንላንዳዊው ዩሃ ካንኩነንና ፈረንሳዊው ዲዲየ ኦሪዮል ይገኙበት ነበር።

በስፔን የካታሎኒያ ራሊ ላይ መርማሪዎች የቱርቦውን መግቢያ ፈትተው አገላብጠው አዩት። የደረሱበት ነገር እነሱንም አስገረማቸው። የአየር ቱቦው በማጥበቂያ ሲታሰር ቀለበቷ ከቦታዋ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ትንሸራተታለች፤ በተፈጠረው ክፍተትም ያልተፈቀደ አየር ይገባል። ለምርመራ ቱቦው ሲፈታ ደግሞ ውስጥ የተደበቁ ጠንካራ ሞላዎች ቀለበቷን ወደ ቦታዋ ይመልሷታል፤ ያየ ሁሉ ሕጋዊ ናት ይላል። በዚህ ዘዴ ሩብ ያህል ተጨማሪ አየር እንደሚገባና ጉልበቱም በ50 የፈረስ ጉልበት ገደማ እንደሚያድግ ተገመተ። ፌዴሬሽኑ በኅዳር ወር የቡድኑን የዓመቱን ነጥብ በሙሉ ሰርዞ ለ12 ወራት ከውድድር አገደው።

ፌዴሬሽኑ ራሱ ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ቀለበቷን ከ33 ወደ 36 ሚሊ ሜትር ሲያሰፋ የራሊ መኪኖች ጉልበት ከ300 አካባቢ ወደ 380 የፈረስ ጉልበት ወጣ። ሦስት ሚሊ ሜትር የሁለት ሳንቲሞች ድርብርብ ውፍረት ቢሆን ነው። ይህን ሳነብ «ወጣቱ ልክ ነበር፤ መካኒኩ ተሳስተዋል» ብዬ ነበር። ነገሩ ግን እዚያ ላይ አላበቃም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ የተሠራ አንድ ጥናት እጄ ገባ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 የወጣ ነው። የጥናቱ መነሻ አንድ የቆየ ምክር ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ለአሽከርካሪዎች «የተደፈነ የአየር ፊልትሮ ብትቀይሩ እስከ 10 በመቶ ነዳጅ ትቆጥባላችሁ» እያለ ለዓመታት ሲመክር ኖሯል። ምክሩ የመጣው ግን ከካርቡራተር ዘመን ነው። ተመራማሪዎቹ ለዛሬ መኪኖችም ይሠራ እንደሆነ ለማየት የ2007 ቢዩክ ሉሰርን፣ የ2006 ዶጅ ቻርጀርና የ2003 ቶዮታ ካምሪ አመጡ። መኪኖቹን በሮለር ላይ አቁመው አንዴ በንጹሕ ፊልትሮ፣ አንዴ ሆን ተብሎ በተደፈነ ፊልትሮ በተመሳሳይ ጉዞ ነዷቸው።

በነዳጅ ፍጆታቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ትንፋሹ ታፍኖም መኪናው የሚጠጣው ያንኑ ያህል ነው። ልዩነቱ ብቅ ያለው ሾፌሩ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ሲረግጠው ነው፤ ያኔ የተደፈነው ፊልትሮ መኪናውን አዘገየው። ንጹሕ ፊልትሮ መግጠም ፍጥነት የማንሻ ጊዜውን ከ6 እስከ 11 በመቶ አሻሽሎታል። ለንጽጽር ያመጡት ባለ ካርቡራተሩ የ1972 ፖንቲያክ ግን ሌላ ጠባይ አሳየ፤ በእሱ ላይ የተደፈነ ፊልትሮ መቀየር ከ2 እስከ 6 በመቶ ነዳጅ የሚቆጥብ ሆኖ ተገኘ።

አሁን ሁለት እውነቶች ፊት ለፊት ቆሙብኝ። በአንዱ የሦስት ሚሊ ሜትር ስፋት ትልቅ ጉልበት ያመጣል። በሌላው ሆን ተብሎ የተደፈነ ፊልትሮ የነዳጅ ፍጆታን እንኳ አይነቀንቅም። ሁለቱም በመሣሪያ የተለኩ ናቸው። የሚያስታርቃቸው ምንድን ነው?

የሚያስታርቃቸው ከፊልትሮው ቀጥሎ የተቀመጠ፣ ትሮትል የሚባል ክብ መዝጊያ ነው። ነዳጅ መስጫውን ስንረግጥ በቤንዚን ሞተር ውስጥ በቀጥታ የምናዘው ይህን መዝጊያ እንጂ ነዳጁን አይደለም። መዝጊያው ሲከፈት አየር ይገባል፤ ኮምፒውተሩ የገባውን አየር ለክቶ የሚመጥነውን ቤንዚን ይረጫል። ከመገናኛ ወደ ቦሌ በሰልፍ ስንሄድ መዝጊያው የሚከፈተው በጥቂቱ ነው። ያኔ ከመዝጊያው ጀርባ ያለው የአየር ግፊት ከውጭው ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። ፊልትሮው ትንሽ ቢያፍን ሾፌሩ ሳያውቀው እግሩን በጥቂቱ ይጨምራል፤ መዝጊያው ትንሽ ይከፈታል፤ ነገሩ ይካካሳል። በአሮጌው ካርቡራተር ግን ነዳጁ የሚወጣው በአየሩ መሳብ ነው፤ መግቢያው ሲታፈን ከልኩ በላይ ቤንዚን ተስቦ ይባክናል። የ1972ቱ ፖንቲያክ የተለየው በዚህ ነው።

የመካኒኩን ጥያቄ መልስ ያገኘሁት እዚህ ላይ ነው። በአብዛኛው የጉዞ ሰዓት ሞተሩን የሚያንቀው የሹፌሩ እግር ነው። መዝጊያው በሩብ ተከፍቶ ሳለ ከፊቱ ያለውን ቱቦ ማስፋት፣ የቤትን በር ገርበብ አድርጎ የግቢውን አጥር በር እንደ ማስፋት ነው። የራሊው ሾፌር ግን ውድድሩን በአብዛኛው የሚነዳው እስከ ወለሉ ረግጦ ነው፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የቀረችው ማነቆ ያቺ ቀለበት ናት። ሴሊካዋን የቀየራት የተከፈተው ቦታ ትክክለኛው ማነቆ ስለነበረ ነው።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ ቀረ። የእኛ ዓይነቱን መኪና አንድ ሰው ክፍት መንገድ ላይ እስከ ወለሉ ቢረግጠውስ? የፋብሪካው ሣጥን ያኔ ምን ያህል ያንቃል? ይህን ለመለካት ውድ መሣሪያ እንደማያስፈልግ ያስተማሩኝ የአውስትራሊያዊው የመኪና ጸሐፊ የጁሊያን ኤድጋር ሥራዎች ናቸው። የሚፈለገው በ«ዩ» ቅርጽ የታጠፈ ግልጽ የላስቲክ ቱቦ፣ ትንሽ ቀለም የገባበት ውሃና ማስመሪያ ነው። የቱቦው አንድ ጫፍ ከፊልትሮው በኋላ፣ ከትሮትሉ በፊት ይሰካል፤ ሌላው ጫፍ ለውጭ አየር ክፍት ይተዋል። ሞተሩ ሲስብ ውሃው በአንድ በኩል ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ይላል። ከሾፌሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ልዩነቱን በሴንቲ ሜትር ያነባል።

የቁጥሩ ትርጉም የሚገባን የከባቢ አየርን ክብደት ስናስብ ነው። ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1643 እንዳሳየው በባሕር ጠለል አካባቢ ያለው አየር 76 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሜርኩሪ ያቆማል፤ በውሃ ሲሰላ 10.3 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በቱቦው ላይ የሚታይ 10 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ማለት ሞተሩ በሣጥኑ ምክንያት 1 በመቶ ገደማ አየር አጥቷል ማለት ነው። ሙሉ ነዳጅ ተረግጦ፣ ሞተሩም በከፍተኛ ዙር ላይ ሆኖ ውሃው 20 ሴንቲ ሜትር ቢለያይ የጠፋው 2 በመቶ ነው። ሣጥኑ፣ ፊልትሮውና ቱቦው እንዳለ ተነቅለው ቢጣሉ እንኳ 110 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር የሚያገኘው ከ2 ብዙም አይዘልም። አዲሱ ቱቦና ፊልትሮም የራሳቸው ማነቅ ስላላቸው የሚተርፈው ከዚያም ያነሰ ነው። ኤድጋር በተደጋጋሚ እንዳሳየው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋናው ማነቆ ሰው የሚቀይረው ፊልትሮ ሳይሆን አየሩ ወደ ሣጥኑ የሚገባበት ጠባብ አፍ ነው። የወረቀት ፊልትሮ እጥፋቱ ሲዘረጋ ከሣጥኑ ስፋት ብዙ እጥፍ ስለሚሆን፣ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ አየር በቀላሉ ያሳልፋል።

ከዚያ ሙቀት መጣ። አየር ሲሞቅ ይሳሳል። 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሆነ የውጭ አየር ይልቅ ኮፈን ሥር 60 ዲግሪ የደረሰ አየር በ10 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። የፋብሪካው ሣጥን አፉ ብዙውን ጊዜ ወደ ፊት ወይም ወደ ጎማው ጎን ተመልሶ ቀዝቃዛ አየር የሚስበው ለዚህ ነው። የወጣቱ ቀይ ሾጣጣ ፊልትሮ ግን የሚስበው ከራዲያተሩና ከሞተሩ የሚወጣውን ትኩስ አየር ነው። በመቶ አንድ ሁለት ለማትረፍ ሲባል የበለጠ ሊታጣ ይችላል። የሻጮች መለኪያ ይህን የማያሳየው ሮለር ላይ ሲለካ ኮፈኑ ተከፍቶ ትልቅ ማራገቢያ ከፊት ስለሚነፍስ ነው፤ የሰልፍ መንገድ ላይ ማራገቢያ የለም። «መኪናው ሲሮጥ አየሩ ራሱ ተገፍቶ ይገባል» የሚለውንም አሰላሁት። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲኬድ የሚገኘው ግፊት ከከባቢ አየሩ ግማሽ በመቶ አይሞላም።

ታዲያ ወጣቱ የተሰማው ምንድን ነው? ዋሽቷል ማለት አልችልም። ሞተር አየር የሚስበው እየቆራረጠ ነው፤ እያንዳንዱ መሳብ በቱቦው ውስጥ የድምፅ ሞገድ ይፈጥራል። ከፋብሪካው ቱቦ ጎን የሚንጠለጠሉት፣ ጥቅማቸው የማይታይ የሚመስሉ ባዶ የፕላስቲክ ክፍሎች ያንን ሞገድ ለማብረድ በስሌት የተሠሩ ናቸው። እነሱ ሲወጡ ሞተሩ ድሮም የነበረውን ድምፅ ያሰማል። ጆሮ ደግሞ ድምፅን በጉልበት ይተረጉማል፤ እግርም ጆሮን ተከትሎ ጠንከር ብሎ ይረግጣል። መኪናው በእርግጥም ፈጥኗል፤ ያፈጠነው ግን እግሩ ነው።

ለእኛ ለደጋ ሰዎች አንድ የከበደ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1648 ፍሎሪን ፔሪዬ የተባለ ፈረንሳዊ በሚስቱ ወንድም በብሌዝ ፓስካል ጥያቄ የሜርኩሪ ቱቦ ተሸክሞ ፒዊ ደ ዶም የተባለውን ተራራ ወጣ። ጫፍ ሲደርስ ሜርኩሪው ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ ወርዶ አገኘው፤ ከፍታ አየርን እንደሚያሳሳ በዚያ ቀን በዓይን ታየ። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2350 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ሜርኩሪው 57 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። ቱርቦ የሌለው መኪናችን ገና ከግቢ ሳይወጣ የአየሩን ሩብ ያህል አጥቷል ማለት ነው። ይህን ጉድለት ፊልትሮ አይመልሰውም፤ ማነቆው ሰማዩ ነው። የሳሳ አየር በፊልትሮ ሲያልፍ የሚገጥመው ማነቅም በዚያው ልክ ስለሚቀንስ፣ ክፍት ፊልትሮ ለአዲስ አበባ መኪና ከጅቡቲው የተለየ ውለታ አይውልለትም። የደጋን ጉድለት የሚያካክሰው አየሩን ጨምቆ የሚያስገባ ቱርቦ ነው።

ከጥቅሙ ይልቅ ዋጋው እያደር ጎልቶ ታየኝ። ፊልትሮ የተሠራው አቧራ እንዲይዝ ነው። ከአስፋልት ወጣ ብሎ ለሚሄድ መኪና የኮረኮንች አቧራ ሲሊንደርና ቀለበት የሚበላ ደቃቅ ድንጋይ ነው፤ አየር በቀላሉ የሚያሳልፍ ጨርቅ አቧራንም በቀላሉ ሊያሳልፍ ይችላል። በዘይት የሚርስ ፊልትሮ ዘይቱ ከበዛ የአየር መጠን የሚለካውን ስስ ሽቦ ያቆሽሻል። የመለኪያው ቱቦ ስፋት ከተቀየረም ኮምፒውተሩ የገባውን አየር አሳስቶ ይለካል፤ ውሎ አድሮ የቼክ ኢንጂን መብራት ይበራል። ቱቦውን ለቅዝቃዜ ብሎ ወደ ታች፣ ወደ ጎማው አጠገብ የሚያወርድ ሰው ደግሞ ክረምትን ያስብ። ጎርፍ በሞላው መንገድ ላይ አንዴ ውሃ ከሳበ ውሃ አይጨመቅምና ፒስተኑን የያዘው የብረት ክንድ ይጣመማል፤ ሞተሩም ያልቃል።

የአየር መግቢያ ማሻሻል ፈጽሞ ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ቱርቦ ባለው ሞተር፣ ግፊቱ ተጨምሮና ኮምፒውተሩ እንደገና ተስተካክሎ የሚያልፈው አየር ሲበዛ፣ ለመጀመሪያው ሞተር የበቃው ሣጥን እውነተኛ ማነቆ ይሆናል። ያኔ ሰፊ ቱቦና ከሙቀት የተከለለ ፊልትሮ ለውጥ ያመጣሉ። ይህን የሚለየው መለካት ብቻ ነው።

በሚቀጥለው የዘይት ቅየራዬ ለእኚያ መካኒክ የደረስኩበትን ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ከመደርደሪያው የኔን መኪና ፊልትሮ የሚያህል አዲስ የወረቀት ፊልትሮ አወረዱ። የኔን አሮጌ ፊልትሮ ብርሃን ላይ ያዙት፤ በአቧራ ጠቁሯል፤ በኮምፕሬሰር ተደጋግሞ በመነፋቱም ወረቀቱ አንድ ቦታ ተቀዷል።

ስለዚህ፣ አንባቢዬ፣ መኪናህ ቱርቦ የሌለውና ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ከሆነ ሣጥኑን አታስወጣው። የወረቀት ፊልትሮውን በጊዜው ቀይር፤ በኃይለኛ አየር እያስነፋህ አታሳሳው፤ የሣጥኑ ክዳን በደንብ መዘጋቱን ተመልከት። ለሚያብረቀርቀው ቱቦ ያሰብከውን ገንዘብ ለጥሩ ጎማ፣ ለፍሬን ሸራና ለካንዴላ አውለው። አሁንም ልብህ ከተጠራጠረ አንድ ሜትር ግልጽ ቱቦና አንድ ስኒ ውሃ ያዝና ለካ። ከመግዛትህ በፊት ማነቆውን ፈልግ።